ቤቲ ላቬትን ከየት እንጀምር? የድሮ ሸክላዎቿ፣ የተቀበረው አልበም ወይስ የኋላ ሥራዎቿ

ሶል የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ንግሥቶች ሲጠሩ ቶሎ አፍ ላይ የሚመጡት አሬታ ፍራንክሊን፣ ኤታ ጄምስና ግላዲስ ናይት ናቸው። ቤቲ ላቬት የምትነሳው ከስንት አንዴ ነው። ከአሬታ የምታንሰው በአራት ዓመት ብቻ ሲሆን ሁለቱም ያደጉት ዲትሮይት ነው። የመጀመሪያ ዘፈኗን ያስቀረጸችው በ16 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟ ገበያ ላይ ሲውል ግን 36 ዓመቷ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ስሟን የሰማው ደግሞ 60ኛ ዓመቷን ልትይዝ ስትል ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «እስቲ ልስማት» ይላል። ከዚያ ፍለጋ ሲገባ ግራ ይጋባል። ከአሥር በላይ አልበሞች አሉ። በተለያዩ ኩባንያዎች የተበታተኑ ነጠላ ዜማዎች አሉ። አንድ ዓይነት ዘፈኖችን በተለያየ ስም የሚደጋግሙ ስብስቦችም አሉ። በ1978 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣችው የዲስኮ ዘፈን ሳይቀር ይመጣል። በአጋጣሚ የማይሆነውን ከነኩ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ መዝጋት ይመጣል። ያ እንዳይሆን ነው ይህን የምጽፈው።

አድናቂዎቿ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን «እውነተኛዋ ላቬት የ1960ዎቹ ናት» ይላል። እነዚህ በአብዛኛው የሸክላ ሰብሳቢዎች ናቸው፣ በተለይ እንግሊዝና አውሮፓ ያሉት። አሜሪካ ረስታት በነበረ ጊዜ ስሟን ያቆዩላትም እነሱ ናቸው። ሁለተኛው ወገን በ2005ቱ አልበሟ የመጣው ነው፤ ለእሱ ላቬት ማለት ያቺ በእድሜ የጠነከረች፣ የሌላውን ዘፈን ወስዳ የራሷ የምታደርግ ሴት ናት። እኔ ከሁለቱም አንድ አንድ ነገር እወስዳለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አቋም አለኝ፤ በአዘኔታ አትስሟት። ሁሉም ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ከመከራዋ ይጀምራል። ዘፈኖቹ ግን ማንም ሳያዝንላቸው በራሳቸው የሚቆሙ ናቸው።

የ1960ዎቹ ነጠላ ዜማዎች

በ1962 የወጣው «ማይ ማን፣ ሂ ኢዝ ኤ ላቪን ማን» በአሜሪካ የአር ኤንድ ቢ (የጥቁሮች ሙዚቃ) ሰንጠረዥ 7ኛ ደረጃ ደርሷል። አትላንቲክ ሬከርድስ ነው ያሰራጨው። የልጅ ድምፅ ጠብቃችሁ ከገባችሁ ትደነግጣላችሁ። ገና በ16 ዓመቷ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ጉሮሮዋ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል። ይህ ሻካራነት እስከ ዛሬ መታወቂያዋ ነው።

የዚህ ዘመን ዋናው ሥራ ግን የ1965ቱ «ሌት ሚ ዳውን ኢዚ» ነው። «ስትተወኝ ቀስ ብለህ ተወኝ» እንደማለት ነው። ካላ በሚባል ትንሽ ኩባንያ የወጣ ሲሆን ሰንጠረዡ ላይ 20ኛ ደረጃ ደርሷል። ቫዮሊኖቹ ከኋላ እየከበቡ ይመጣሉ፣ እሷ ደግሞ መሐል ቆማ ትለምናለች። ልመናው ግን የተሸነፈች ሴት ልመና አይደለም። የሚሄደውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምትለምነው። የብዙነሽ በቀለን ድምፅ የምትወዱ ሰዎች ይህን ዘፈን ስትሰሙ ለምን እንዳነሳሁት ወዲያው ይገባችኋል። ኀዘንና ኩራት በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ መስማት የሚወድ ሰው ከዚህ ይጀምር።

ከ1969 ጀምሮ ያለው የሜምፊስ ጊዜ ሌላ መልክ አለው። ሲልቨር ፎክስ ለሚባል ኩባንያ ነው የቀረጸችው። አጃቢዎቿ ዲክሲ ፍላየርስ የሚባሉ የሜምፊስ ሙዚቀኞች ነበሩ። ቫዮሊኑ ቀርቶ ጊታሩ ቅባት በቅባት ሆኗል፣ ድራሙም ከበድ ብሏል። «ሂ ሜድ ኤ ውመን አውት ኦፍ ሚ» በዚያው ዓመት 25ኛ ደረጃ ድረስ ሄዷል። ጭፈራ ያለበት፣ ላብ ያለበት ሶል የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው።

የዚህ ዘመን ችግሩ መግዛቱ ላይ ነው። ዘፈኖቹ በብዙ ኩባንያዎች ስለተበታተኑ ሁሉንም በአንድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ለሜምፊሱ ክፍል በ2006 ሁለት ስብስቦች ወጥተዋል። አንዱ «ዱ ዩር ዱቲ»፣ ሌላው «ቴክ አናዘር ሊትል ፒስ ኦፍ ማይ ኸርት» ይባላል። ሁለቱም ያንኑ የ1969 እና 1970 ቅጂ የያዙ ናቸው። አንዱን ያገኘ ሰው ሌላውን አይግዛ። ስትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በድሮዎቹ ሸክላዎች ላይ የመጀመሪያ ስሟ የሚጻፈው በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ያለው ተጨማሪ ፊደል ሳይኖር ነው። በአንዱ አጻጻፍ ካላገኛችሁ በሌላው ሞክሩ።

ተቀብሮ የቆየው የ1972 አልበም

አድናቂዎቿን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይህ ነው። በ1972 አትላንቲክ ወደ አላባማ፣ ወደ መስል ሾልስ ላካት። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ግን በዚያን ጊዜ ምርጥ የሶል ሙዚቃ የሚቀረጽባት ነበረች። ያጀቧት ሙዚቀኞች ከአሬታ ፍራንክሊን ጋር የሠሩ ሰዎች ናቸው። ፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም ቀረጻውን የመራው፣ ብራድ ሻፒሮ ነበር። አልበሙ «ቻይልድ ኦፍ ዘ ሰቨንቲስ» ተባለ። ሁሉ ነገር አለቀ። ከዚያ ኩባንያው አላወጣውም። ሁለት ነጠላ ዜማዎች ብቻ ወጥተው ሌላው መጋዘን ገባ።

28 ዓመት እዚያው ተቀመጠ። በመጨረሻ ያወጣው አሜሪካዊ ኩባንያ አልነበረም። ዢል ፔታር የሚባል ፈረንሳዊ ሰብሳቢ ነው ፈልጎ ያስወጣው። በ2000 በራሱ ትንሽ ኩባንያ «ሱቬኒርስ» በሚል ስም አሳተመው። በ2006 ደግሞ በመጀመሪያ ስሙ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። አንድ አድናቂ ለሚወዳት ዘፋኝ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

አልበሙስ እንዴት ነው? ከድሮ ሥራዎቿ ሁሉ የተሟላው ይህ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሙዚቀኞቹ አንድ ላይ ይተነፍሳሉ፣ እሷ ደግሞ በ26 ዓመቷ ሙሉ ጉልበቷ ላይ ናት። «ዩር ተርን ቱ ክራይ» የሚለውን ስሙ፣ «አሁን የማልቀስ ተራው ያንተ ነው» ማለት ነው። ቂሙን በቀስታ ነው የምትነግረው፣ ጩኸቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በዚያው ዓመት የሮክ ዘፋኙን የኒል ያንግን «ኸርት ኦፍ ጎልድ» ደግሞ ወስዳ ሌላ ነገር አድርጋዋለች። ለዘብ ያለው የጊታር ዘፈን እዚህ የሚነዳ፣ የሚጣደፍ ሶል ሆኗል። በኋላ ዘመኗ የምትታወቅበት ሥራ፣ ማለትም የሌላውን ዘፈን ገልብጦ የራስ ማድረግ፣ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሰባዎቹን የደቡብ ሶል የምታውቁና የምትወዱ ከሆነ ቀጥታ ወደዚህ ሂዱ፣ ሌላ መግቢያ አያስፈልጋችሁም።

በመሐል ያሉት

የ1978ቱ የዲስኮ ዘፈን ለጭፈራ ጥሩ ነው፣ እሷን ለማወቅ ግን አይጠቅምም። የ1982ቱ «ቴል ሚ ኤ ላይ» በሞታውን ወጥቶ ናሽቪል ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከላይ በ36 ዓመቷ ያልኩት የመጀመሪያ አልበሟ ይህ ነው። ድምጿ እዚያ አለ፤ የዘመኑ ኪቦርድ ግን ብዙ ቦታ ያፍነዋል። ሌሎቹን ጨርሳችሁ እንዲሁ ለማወቅ ስትፈልጉ ስሙት። የ2003ቱ «ኤ ውመን ላይክ ሚ» ወደ ብሉዝ ያደላል። በ2004 የብሉዝ ሽልማት አስገኝቶላታል። ደህና አልበም ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ግን ጥላ ያጠላበታል።

ዋናው ፉክክር፦ 2005 ወይስ 2007?

አብዛኛው አዲስ አድማጭ ሊመርጥ የሚገባው ከነዚህ ሁለቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

የ2005ቱ «አይቭ ጎት ማይ ኦውን ሄል ቱ ሬይዝ» ይባላል። ፕሮዲውሰሩ ጆ ሄንሪ ነው። አሥሩም ዘፈኖች የሴት ደራሲዎች ናቸው። ዶሊ ፓርተን፣ ሉሲንዳ ዊሊያምስ፣ ጆአን አርማትሬዲንግ፣ ፊዮና አፕል፣ ሺኔድ ኦኮነር። አልበሙ የሚከፈተው በኦኮነር ዘፈን ነው፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በድምጿ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ሲገባም አይበዛም፤ ቦታ ይለቅላታል። አንዲት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። የሉሲንዳ ዊሊያምስ «ጆይ» ውስጥ የቦታ ስሞቹን ቀይራ ዲትሮይትን አስገብታለች። የተነጠቀችውን ደስታ በራሷ ሰፈር ነው የምትፈልገው። የራሷ ያልሆነ ዘፈን ስትዘፍን እንዲህ ነው የምታደርገው። እኛ አገርም ትልልቆቹ ድምፃውያን ግጥሙንና ዜማውን ከሌላ ሰው ወስደው ነው የዘፈኑት፣ ዘፈኑ ግን በነሱ ስም ነው የሚጠራው። ላቬትም እንደዚያው ናት። ዘፈን አትጽፍም ብሎ የሚያሳንሳት ሰው የድምፃዊን ሥራ አልተረዳም።

የ2007ቱ «ዘ ሲን ኦፍ ዘ ክራይም» ነው፣ «ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ» ማለት ነው። ስሙ እንዲሁ አልተሰጠውም። ከ35 ዓመት በኋላ ወደ መስል ሾልስ ተመልሳ ነው የቀረጸችው። በዚህኛው ዙር ስቱዲዮው ፌም ነበር። አጃቢው ድራይቭ ባይ ትራከርስ የሚባል የሮክ ባንድ ነው። የባንዱ መሪ ፓተርሰን ሁድ የዴቪድ ሁድ ልጅ ነው። ዴቪድ ሁድ ደግሞ የመስል ሾልሱ የድሮ የባስ ተጫዋች ነው፤ እሱም እዚህ አለ። ኪቦርዱ ላይ ስፑነር ኦልድሃም ተቀምጧል፣ እሱም ከአሬታ የመጀመሪያ የአላባማ ቅጂዎች ጀምሮ ያለ ሰው። የድሮውና የአዲሱ ወገን አድናቂዎች የሚታረቁበት አልበም ካለ ይህ ነው።

ድምፁ ከ2005ቱ ይሻክራል። ጊታሮቹ ይጮኻሉ፣ እሷም አትሸሻቸውም። «ቢፎር ዘ መኒ ኬም» የሚለውን ከፓተርሰን ሁድ ጋር አብራ ጽፋዋለች፣ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ዓመታት ነው የምትተርክበት። «ቾይስስ» የሚለው የካንትሪው ጆርጅ ጆንስ ዘፈን ነው፤ ስለ መጠጥና ስለ ምርጫ። እሷ ስትዘፍነው ማንንም አትወቅስም፣ ራሷንም አታባብልም።

ከሁሉም ግን «ቶኪንግ ኦልድ ሶልጀርስ» ይበልጥብኛል። የኤልተን ጆን ዘፈን ነው፤ ቃሉን በርኒ ቶፒን ነው የጻፈው። ሲጽፉት ሁለቱም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ጓደኞቹ ሁሉ ሞተውበት መጠጥ ቤት ብቻውን የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው የሚናገረው። ሁለት ወጣቶች እርጅናን ገምተው ጻፉት። ላቬት ስትዘፍነው 61 ዓመቷ ነው። በዚያ ጊዜ አብረዋት ከጀመሩት ዘፋኞች ብዙዎቹ አልፈዋል። ሙዚቃው ከኋላ በጣም ጥቂት ነው፣ ድምጿ ቦታ ቦታ ላይ ወደ ንግግር ይወርዳል። እዚህ ላይ የምታሳየው ጉልበት ሳይሆን ክብደት ነው። በ1965 እንዲህ ልትዘፍን አትችልም ነበር፣ ማንም በ19 ዓመቱ አይችልም።

እንግዲህ የቱን? ማታ ብቻችሁን፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ፣ ቃል በቃል የምትሰሙ ከሆነ 2005ን ያዙ። ሙዚቃ ሲጮህ የምትወዱ፣ ሮክም የምትሰሙ፣ ወይም ሶልን ጨርሶ የማታውቁ ከሆናችሁ 2007ን። ለአንድ ጓደኛዬ አንድ ብቻ ስጠው ብባል 2007ን ነው የምሰጠው። የእንግሊዝኛው ግጥም ባይያዝ እንኳ የሚሆነው ነገር ከድምፁ ይገባል።

ከዚያ በኋላ

በታኅሣሥ 2008 ዋሽንግተን ውስጥ የኬኔዲ ማዕከል የክብር ምሽት ነበር። ከተከበሩት መካከል የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዘ ሁ ሰዎች፣ ፒት ታውንሴንድና ሮጀር ዶልትሪ ነበሩ። ላቬት የነሱን «ላቭ ሬን ኦቨር ሚ» ዘፈነች። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ አለ። ከመድረኩ ይልቅ የታውንሴንድን ፊት እዩ፤ የጻፈውን ዘፈን ገና አሁን እንደሰማ ሰው ነው የሚሆነው። ከሳምንታት በኋላ በጥር 2009 ለኦባማ ሹመት በሊንከን መታሰቢያ በተዘጋጀው ኮንሰርት ከጆን ቦን ጆቪ ጋር የሳም ኩክን «ኤ ቼንጅ ኢዝ ጎና ካም» ዘፈነች። አልበም ከመምረጣችሁ በፊት የኬኔዲ ማዕከሉን ቪዲዮ ብቻ ብታዩ ይበቃል፤ ካልነካችሁ ላቬት ለእናንተ አይደለችም።

ያ ምሽት በ2010 የእንግሊዝ ሮክ ዘፈኖችን ብቻ የያዘውን «ኢንተርፕሪቴሽንስ» አመጣ። ቢትልስ፣ ሮሊንግ ስቶንስ፣ ፒንክ ፍሎይድ፣ ሌድ ዘፔሊን አሉበት። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ላይ ቅንብሩ ይከብድብኛል። ዋናዎቹን ዘፈኖች በቃል የምታውቁ ከሆነ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይህ ያዝናናችኋል፤ ምን እንደቀየረች እያንዳንዱ ላይ ትይዛላችሁ።

በ2018 የመጣው «ቲንግስ ሃቭ ቼንጅድ» የቦብ ዲላን ዘፈኖች ብቻ ነው። ፕሮዲውሰሩ ስቲቭ ጆርዳን የድራም ሰው ነውና ሁሉም ነገር ከምቱ ይነሳል። ከ2010ሩ ይህን አስበልጣለሁ፣ ያለ ማመንታት። «ዘ ታይምስ ዘይ አር ኤ ቼንጂን» የሚባለው ታዋቂ የተቃውሞ ዘፈን እዚህ ወገብ የሚያስነቀንቅ ሆኗል። የዲላን ድምፅ አልዋጥ ያላቸው ሰዎች የቃሉን ጥንካሬ የሚያገኙት እዚህ ነው።

የጃዝ አድማጮች፣ በተለይ ቢሊ ሆሊዴይንና ኒና ሲሞንን የምትወዱ፣ የ2020ን «ብላክበርድስ» ምረጡ። ከእሷ በፊት የነበሩ ጥቁር ሴት ድምፃውያን የዘፈኗቸውን ነው በብዛት የሰበሰበችው። ቀስ ያለ፣ ጨለም ያለ አልበም ነው። ያለ ፍርድ ዛፍ ላይ ስለተሰቀሉ ጥቁሮች የሚናገረውን «ስትሬንጅ ፍሩት»ን ስትዘፍን ምንም አታጋንንም፤ ያ ዘፈን ማጋነን አይፈልግም። ለመጀመሪያ ቀን ግን አልመክረውም፣ ከባድ ነው። የ2023ቱ «ላቬት!» ከዚህ ተቃራኒ ነው። የራንዳል ብራምብሌት ዘፈኖች ናቸው፣ ፈንክ ይበዛበታል፣ መኪና ውስጥም ቤት ስታጸዱም ይሆናል። 77 ዓመቷ ላይ የተሠራ መሆኑን ካልነገሯችሁ አታውቁም።

ስለ ግዢ

በኢንተርኔት የምትሰሙ ከሆነ ከ2005 ወዲህ ያሉት አልበሞች በቀላሉ ይገኛሉ። የ1960ዎቹን ግን ስብስቦቹ ላይ ቀኑን ሳታዩ አትመኑ፣ በኋላ ዘመን ደግማ የዘፈነችው ዋናው ተብሎ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ሸክላ ለምትሰበስቡ፣ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ስለሆኑ ዋጋቸው ይወደዳል። ለመስማት ብቻ ከሆነ እንደገና የታተመው በቂ ነው። ኦሪጅናሉን የምትፈልጉት ዕቃውን ስለምትወዱት ከሆነ ብቻ ነው ገንዘባችሁን አውጡ የምለው።

አንድ የመጨረሻ ምርጫ አለ፣ እሱም አንድን ዘፈን ይመለከታል። «ሌት ሚ ዳውን ኢዚ»ን በ1965 በስቱዲዮ ቀርጻዋለች። በ2000 ደግሞ ሆላንድ ውስጥ ሕዝብ ፊት የዘፈነችው በዚሁ ዘፈን ስም በተጠራ የኮንሰርት አልበም ወጥቷል። የስቱዲዮው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቫዮሊኑ ይይዛታል፣ እሷም በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ትፈነዳለች። የኮንሰርቱ ይረዝማል፤ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ሕዝቡን ዝም ታሰኛለች። የድሮው ወገን በ1965ቱ ይምላል። አጭር ነገር ለምትወዱ፣ እነሱ ልክ ናቸው። እኔ የኮንሰርቱን ነው የምመርጠው፤ ምክንያቱም ያኔ አልበሟ መጋዘን ውስጥ የቆየባት፣ ስሟ የተረሳባት ሴት ናት፣ ሆኖም ድምጿ ውስጥ ቅሬታ የሚባል የለም። ዘፈኑን ብቻ ነው የምትዘፍነው።